ምን ልግዛ ላለችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። ሥራ ከጀመረች ብዙም አልቆየችም። «እንደ ፓሪስ ሴቶች ሳይበዛ ሽክ ማለት እፈልጋለሁ። ምን ምን ልግዛ? እባክዎ ዝርዝሩን ይላኩልኝ» ትላለች። ጥያቄው ምንም ክፋት የለውም። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ሌላ ልጅ ፊት ለፊቴ ቆማ ጠይቃኛለች። የዚያን ቀን ቁጭት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስለዚህ መልሱን ለአንዷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ሙያዬ ልብስ ማስተካከል ነው። አዲስ ልብስ የሰፋሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት የተሰፋውን በማጥበብ፣ በማስፋት፣ በማሳጠርና ገበር በመቀየር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት ፓሪስ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ፈረንሳዮች ሥራውን «ረቱሽ» ይሉታል። በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ሱቅ አይጠፋም።

ከደንበኞቻችን መካከል አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ማዳም ነበር የምንላቸው። ሀብታም አልነበሩም። በመንገድ ሲያልፉ ግን ሰው ዞር ብሎ ያያቸዋል። መጀመሪያ ያወቅኋቸው ብብቱ ላይ ገበሩ የተቀደደ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጃኬት ይዘው ሲመጡ ነው።

ገበሩን ስፈታ ያየሁት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። በጎን ስፌቱ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተተኩሷል። ትርፉ ላይ የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ይታያሉ። አንድ መስመር፣ ከእሱ ራቅ ብሎ ሌላ መስመር፣ ከዚያ ሦስተኛ። ጃኬቱ ከሴትዮዋ ጋር ሲሰፋና ሲጠብ ኖሯል። ታች ጠርዙ ላይ ደግሞ፣ ገበሩ ከሱፉ በሚገናኝበት ቦታ፣ ቀጭን ሰንሰለት በእጅ ተሰፍቷል። ይህ ሻኔል የሚባለው የፓሪስ ታዋቂ የልብስ ቤት ዘዴ ነው። ሰንሰለቱ በክብደቱ ጠርዙን ወደ ታች ይይዘዋል። እጅ ወጥቶ ሲወርድ ጃኬቱ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቀመጣል። የማዳም ጃኬት ግን የሻኔል አይደለም። ለመጀመሪያ ሥራቸው ወጣት ሳሉ የሰፈራቸው ልብስ ሰፊ የሠራችላቸው ነው። ሴትዮዋ ዘዴውን ከሆነ ቦታ አይታ ኮርጃዋለች። እጇ ይባረክ።

ለልኬት ሲቆሙ መስታወት ፊት ቀኝ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ልክ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉ። ጃኬቱ አብሮ ሽቅብ ከወጣ «ብብቱን እዪው» ይሉኛል። ወገቡን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ወገቡን ነው። እኔም ከሳቸው ተምሬ ደንበኛን ሁሉ እጅሽን አንሺ፣ ቁጭ በዪ፣ ተራመጂ ማለት ጀመርኩ።

አንድ ቀን እግራቸውን አሟቸው ልብሱን ቤታቸው አደረስኩላቸው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ቁምሳጥኑን ከፍተው «እዚህ ስቀዪው» አሉኝ። ልብሶቹ አልተጨናነቁም፤ በሁለት ማንጠልጠያ መካከል እጅ ያልፋል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ የግመል ቀለም። ሁለቱ ነጭ ሸሚዞች የሟች ባለቤታቸው ነበሩ። ትከሻቸውን አስገብተን፣ የተበላ ኮሌታቸውን ገልብጠን የሰፋናቸው እኛው ነን። ባለ መስመር የመርከበኛ ካናቴራ አለ። አንድ ግራጫ፣ አንድ ቀይ ሹራብ። ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ጉርድ ቀሚስ። ጥቁር ቀሚስ። ሰማያዊው ጃኬትና አንድ ሌላ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ታች ሶላቸው የተቀየረ ጫማዎች። እንግዲህ ቁጠሩት። ከላይ የሚለበስ አምስት፣ ከታች የሚለበስ አራት። ማናቸውም ከማናቸውም ጋር ይሄዳሉ። ሃያ አለባበስ ወጣው። ሁለቱን ጃኬቶች በየተራ ብትደርቡበት ደግሞ አርባ ይጨመራል። «ጓደኛ የሌለው ልብስ እኔ ቤት አይገባም» ይሉ ነበር።

የሱሪውን ነገር ካነሳሁ አይቀር ይህንንም ላውጋችሁ። በ1800 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፓሪስ ፖሊስ አንድ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። እንደ ወንድ መልበስ የምትፈልግ ሴት ፖሊስ ዘንድ ቀርባ ፈቃድ ታውጣ ይላል። ቆይቶ ብስክሌት ለምትነዳና ፈረስ ለምትጋልብ ላላ። ከወረቀት ላይ ግን አልተፋቀም። የሴቶች መብት ሚኒስትሯ ናጃት ቫሎ-ቤልካሴም ትእዛዙ ዋጋ የለውም ብለው በይፋ ያስታወቁት በጥር 2013 ነው። በዚያ ሰሞን ማዳም ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ። «አስተማሪ ሆኜ ስንት ዓመት ሕግ ስጥስ ኖሬያለሁ» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የፋሽን ባለሙያው ኢቭ ሳን ሎራን በ1966 ለሴት ስሞኪንግ፣ ማለትም የወንድ የማታ ሙሉ ልብስ፣ ሲሰፋ ያ ትእዛዝ ገና ከወረቀት ላይ አልተፋቀም ነበር። ልብስ እንዲህ ያለ ታሪክ ተሸክሞ እንደሚዞር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰውነታቸው እየቀነሰ መጣ። ጃኬቱን በየጊዜው አጠብኩት። በየጊዜውም አንድ ነገር አደራ ይሉኛል። «ትርፉን እንዳትቆርጪው። የልጅ ልጄ ትከሻዋ የኔ ነው።» አልቆረጥኩም።

ነሐሴ ላይ ፓሪስ ግማሹ ሱቅ ይዘጋል። እኛም ዘጋን። በመስከረም ስንከፍት ማዳም አርፈዋል። ቤታቸው ለአከራዩ ተመልሷል። ዕቃው ወጥቷል። እኛ ዘንድ አንድ ግራጫ ጉርድ ቀርቶ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዲት ልጅ የሱቃችንን ደረሰኝ ይዛ መጣች። ገና በሩ ላይ ሳያት አወቅኋት፤ ትከሻዋ ያው ትከሻ ነው። ጉርዱን ሰጥቻት ጃኬቱን ጠየቅኋት። የትኛው ጃኬት አለችኝ። የልብሱ ጆንያ በሙሉ ለሚሰበስቡ ሰዎች ተሰጥቷል። ማንም አልከፈተውም። በሷ አልፈርድም፤ በሐዘን ላይ የነበረ ቤተሰብ ነው፣ ቤቱንም በቶሎ ልቀቁ ተብለዋል። ከዚያ ጉርዱን ልካ መስታወት ፊት እንደቆመች ጠየቀችኝ። «አያቴ ሁሌ ታምር ነበር። እንደሷ ለመልበስ ምን ምን ልግዛ?»

ምን ልበላት? ቀን የሚጠብቅላት ልብስ ነበረ። ሰፊውም እኔ፣ ትርፉም ውስጡ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲሆን ቫንቭ ወዳለው የልባሽ ገበያ እሄድ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጃኬት ባየሁ ቁጥር ጠርዙን በጣቴ እዳብሳለሁ፣ ሰንሰለቱ ቢነካኝ ብዬ። አላገኘሁትም።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። በየስልኩ የሚዞረውን «የፈረንሳይ ልብስ ዝርዝር» አይቼዋለሁ። ባለ መስመር ካናቴራ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ሰማያዊ ጃኬት፣ ነጭ ሸሚዝ። ልብሶቹ መጥፎ አይደሉም። ነገር ግን ከየት እንደመጡ እዩ። ባለ መስመሩ በ1858 በወጣ ደንብ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መለዮ ሆነ። ነጩ መስመር 20 ሚሊ ሜትር፣ ሰማያዊው 10 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተደነገገ። ሰማያዊው የጥጥ ጃኬት የፋብሪካ ሠራተኛ ልብስ ነው። የልብስ ቤቱ መሥራች ኮኮ ሻኔል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ቀሚስ የሠራችበት ጀርሲ የሚባለው የሚሳሳብ ጨርቅ ከዚያ በፊት ለወንድ የውስጥ ልብስ የሚውል ጨርቅ ነበር። በ1926 የአሜሪካው የፋሽን መጽሔት ቮግ ጥቁር ቀሚሷን ሲያወጣ ከፎርድ መኪና ጋር ነው ያመሳሰለው፤ ሁሉም ሰው የሚይዘው ይሆናል ለማለት። አያችሁ? ዛሬ የፓሪስ ውበት የምንለው ብዙው ገመድ የሚጎትት፣ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ልብስ ነው። እጅ የሚያስነሳ፣ የሚታጠብ፣ የሚጠገን ስለሆነ ነው የቆየው። እናንተም ስትመርጡ በዚህ ዓይን ምረጡ።

ደግሞ ፓሪስን አታግንኑት። ጠዋት ሜትሮ ብትሳፈሩ የምታዩት ጥቁር የብርድ ጃኬትና ስኒከር ነው። እንደ ማዳም የሚለብስ ሰው እዚያም ብርቅ ነው።

ስለ እናንተ ትውልድ የሚሰማኝን ካልደበቅሁ፣ ልብሱን ሳትለብሱት ትሰለቹታላችሁ። ካርቶን ሲከፈት በቪዲዮ ይቀረጻል፣ ከዚያ ልብሱ የት እንደገባ አይታወቅም። እጅጌው ሲረዝም አጣጥፋችሁ ትተዉታላችሁ። ልብስ ሰፊ ጋ መሄድ የድሮ ሰው ሥራ ይመስላችኋል። በሌላ በኩል ልባሽ መግዛት አታፍሩም። እኛ እናፍር ነበር፤ በዚህ በልጣችሁናል። ፈረንሳይም አሁን እየነቃች ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ጥገናን ለማበረታታት በወጣ ዕቅድ የገባ ሱቅ ዘንድ ልብሱን ወይም ጫማውን የሚያስጠግን ሰው ከሂሳቡ ላይ የተወሰነ ይቀነስለታል። ማዳም ቢኖሩ ደስታቸውን አልችለውም ነበር።

ንጹሕ ልበሱ፣ ካልሲያችሁ ይመሳሰል የሚለውን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እኔ የምለው፣ ወር ደመወዝ ይዛችሁ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት የራሳችሁን ቁምሳጥን አልጋ ላይ ገልብጡት። ከዚያ የእናታችሁን፣ የአክስታችሁን፣ የአያታችሁን አስፈቅዳችሁ ክፈቱ። በሕይወት እያሉ ክፈቱት፤ የቱን መቼ እንደለበሱት ይንገሯችሁ። ትከሻው ልክ የሆነላችሁን ለዩ። ወገብ ይጠባል፣ ጉርድ ያጥራል፣ ገበር ይቀየራል። ትከሻ ግን ጃኬቱን ግማሽ መፍታት ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ከልብሱ ዋጋ በላይ ያስከፍላል። ከአዲሱም ከአሮጌውም ትከሻው ያልሆነላችሁን አትውሰዱ።

አትግዙ እያልኩ ነው የመጣሁት። ቢሆንም አንድ ነገር ግዙ ካላችሁኝ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጃኬት እላለሁ። ቤት ውስጥ ካልተገኘ ቆጥባችሁ ግዙት፤ የጥቁርን ያህል ፊት አያጠቁርም፣ ከግራጫም ከነጭም ከጂንስም ጋር ይስማማል። ስትገዙ ብራንዱን ትታችሁ ውስጡን ገልብጡ። ስፌቱ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚቋጥር ማሽን) ብቻ ካለቀ ለማስፋት ቦታ የለውም። ሱፉን በመዳፋችሁ ጨብጡና ልቀቁት፤ ቶሎ ከተዘረጋ ጥሩ ነው። የእጅጌው ቁልፍ ቀዳዳዎች እውነተኛ የተቀደዱ ከሆኑ ርዝመቱ አሁኑኑ ልካችሁ መሆን አለበት፤ ከታች ማሳጠር ያስቸግራል። እቤት ያለው ልብስ ሁሉ ከዚህ ጃኬት ጋር ይሞከር። ከማንም ጋር የማይገጥመውን ለሚገጥመው ሰው ስጡ።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ ከልብሱ ጋር የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ የሱሪና የጉርድ ርዝመት ያለ ጫማ አይለካም። በስፒል ሲያዝላችሁ ቀጥ ብላችሁ ብቻ አትቁሙ። ተቀመጡ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጉ። ልብሱን ከመተዋችሁ በፊትም ይህን ንገሩት፦ ትርፉ አይቆረጥ፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይተኮስ። አንዳንዱ ስፌቱ እንዲያምርለት መቁረጥ ይወዳል። ሠራተኛው ቢለወጥ እንኳ እንዲታወቅ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።