ሕዋስ የበቆሎን መርዝ ይለያል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የበቆሎ መጋዘን አለኝ። የሻጋታ መርዝ በሕያው ሕዋስ ይመረመራል ሲባል ሰማሁ። አፍላቶክሲንን በዚህ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ በከፊል ይቻላል፤ ነገር ግን ሕዋሱ መጎዳቱን እንጂ የጎዳውን መርዝ ስም አይነግርዎትም። የተፈጨው እህል በሜታኖልና በውሃ ድብልቅ ተናውጦ ይጣራል፤ ሜታኖሉ ይተናል። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ በየጉድጓዱ 10,000 ያህል የጉበት ሕዋሳት ይዘራሉ፤ ካደሩ በኋላ ጭማቂው ይጨመርባቸውና በ37 ዲግሪ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ ኤምቲቲ የተባለ ቢጫ ቀለም ይገባል፤ በሕይወት ያለ ሕዋስ ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል። ወይን ጠጁ ቀለም ከደበዘዘ ሕዋሳቱ ተጎድተዋል። የቀረ ሜታኖልም ስለሚገድላቸው፣ ያለ እህል በዚሁ መንገድ የተዘጋጀ ማነጻጸሪያ ጉድጓድ ከሌለ ውጤቱን አይመኑ።

ትልቁ ወጥመድ ግን ሌላ ነው። አፍላቶክሲን ቢ1 ዲኤንኤን የሚጎዳው የጉበት ኢንዛይም ከለወጠው በኋላ ነው። ሄፕጂ2 የተባለው የተለመደ የላቦራቶሪ የጉበት ሕዋስ ይህ ኢንዛይም ስለሚያንሰው፣ የተበከለ በቆሎ ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ፉዛሪየም የተባለው ሻጋታ የሚያመነጨው ዲኦክሲኒቫሌኖል የተባለ መርዝ ግን የፕሮቲን ሥራን በቀጥታ ስለሚያግድ በደንብ ይታያል።

ስለዚህ ለአፍላቶክሲን ኤላይዛ በተባለው፣ መርዙን ለይቶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) በሚሠራው ምርመራ ያስመርምሩ። ናሙናውን ከአንድ ጆንያ አፍ አይዝገኑ፤ መርዙ ጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች ከብዙ ጆንያዎች፣ ከላይም ከመሐልም ከታችም ወስደው አንድ ላይ ያስፈጩ።