«ቁልፍ ተጫኝ ብቻ ነኝ» ላልሽኝ እህቴ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ረጅም ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን መሀሉ ላይ ጣል ያደረግሻት አንዲት ጥያቄ ናት። በኬሚስትሪ ተመርቀሽ ባሕር ዳር ውስጥ ቴርሞሜትር በሚፈትሽ ላቦራቶሪ ትሠሪያለሽ። ሥራሽ የካሊብሬሽን ባዙን፣ ማለትም ቴርሞሜትሮቹ ተነክረው የሚፈተሹበትን የፈሳሽ ገንዳ፣ ማቀዝቀዝ፣ ማሞቅ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቆ መመዝገብ ነው። «ኮምፕረሰሩ እያቀዘቀዘ ሂተሩም (ማሞቂያው) አብሮ ይሠራል፤ መብራት ማባከን አይደለም ወይ ብዬ ስጠይቅ ሳቁብኝ» አልሽ። አጎትሽ ደግሞ «ዲግሪ ይዞ ገንዳ መጠበቅ ምን ይሉታል? የባንክ ፈተና ተፈተኚ» ይላሉ።

የሳቁብሽ ሰዎች መልሱን የሚያውቁት አልመሰለኝም። የቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ ውስጡ አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል። ለወተት ግድ የለም። በእናንተ ሥራ ግን የአንድ ዲግሪ አንድ መቶኛም ይቆጠራል፤ ኮምፕረሰር ደግሞ በየሰኮንዱ ሊበራና ሊጠፋ አይችልም። ስለዚህ እሱ ሳያቋርጥ ሙቀት ይስባል፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ሂተሩን በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቀ ልዩነቱን ይሞላል። የዓባይን በረሃ በሁለተኛ ማርሽ እየወረደ ፍጥነቱን በነዳጅ እንደሚያስተካክል ሹፌር ነው። ብክነት የመሰለሽ ነገር ባዙን የሚያረጋው ራሱ ነው።

ኮንትሮለሩ የሂተሩን ኃይል በመቶኛ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከነገ ጀምሮ ይህንንም መዝግቢ። 0 ላይ ከተጣበቀ ቅዝቃዜው በዝቶ ሳይሆን አንሶ ነው፤ ሂተሩ የሚቀንሰው የለውም። 100 ላይ ከተጣበቀ ቅዝቃዜው በዝቷል። መሀል ላይ ሲሆን ወደ ሁለቱም ወገን መንቀሳቀሻ አለው። ለተመሳሳይ ሙቀት፣ በተመሳሳይ ፈሳሽ፣ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየወረደ ከሄደ ማቀዝቀዣው እየደከመ ነው፤ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮንደንሰር አቧራ ይዞ፣ ጋዙ ጎድሎ ወይም ክፍሉ ሞቆ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ተጫኝ ባዙ ሲቆም ስልክ ይደውላል፤ አንቺ ከዚያ በፊት ልትናገሪ ትችያለሽ።

ማኑዋሉን ስታነቢም ያለሽበትን ከተማ አትርሺ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማኑዋሉ ለውኃ 95 ቢፈቅድም እዚህ አይሠራም። ከዜሮ በታች በአልኮል የምትሠሪ ከሆነ በክረምት ክዳኑን ከፍተሽ አትተዪ። አልኮሉ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ውኃው ማቀዝቀዣው ቱቦ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ቅዝቃዜውም ይዳከማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ መሣሪያው ኮምፕረሰሩን የሚያዘገይ የራሱ ማቆያ ከሌለው፣ የጋዙ ግፊት እስኪመጣጠን ጥቂት ደቂቃ ሳትጠብቂ ኮምፕረሰሩን አታስነሺ። በጋለ ባዝ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከማብራትሽ በፊት ማኑዋሉ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚፈቅድ እዪ።

እኔ ወደ መለኪያ መሣሪያ ሥራ የገባሁት ለማቀዝቀዣ ክፍሎች ጋዝ ከመሙላት ተነስቼ ነው፤ ለዚህ ሙያ ባደላ አትፍረጂብኝ። ግን ዙሪያሽን ተመልከቺ። በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሆነ በገጠር ጤና ጣቢያ አብዛኛው ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። የጨርቃጨርቅ ማቅለሚያም ያለ ሙቀት ቁጥጥር አይሆንም። የእነዚህን ሁሉ ቴርሞሜትር አምኖ ለመጠቀም አንድ ሰው ባዝ አጠገብ ቆሞ ከታመነ ቴርሞሜትር ጋር ማስተያየት አለበት።

አጎትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን ባንክ የሚሉሽ የባንክን ሥራ አይተውት አይመስለኝም። ሠርግ ላይ «ልጃችን ባንክ ናት» ማለት ስለሚቀል ነው። «ካሊብሬሽን» ብለው ማስረዳት ካቃታቸው ችግሩ የሳቸው ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። ደመወዝሽም አይበቃም ብለሽ፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ግማሹ ለታላቅ ወንድምሽ የባጃጅ ዕዳ እንደሚሄድ ጽፈሻል። ያልበቃሽ ግማሹ ነው። ባጃጁን የሚነዳው እሱ፣ ዕዳውን የምትከፍዪው አንቺ ከሆንሽ ባንክ ብትገቢም ሒሳቡ አይለወጥም። የምትረጂበትን መጠንና የመጨረሻውን ወር ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው፤ ቅር ቢለው ይለው።

ያስቸግረኛል ያልሽው እንግሊዝኛ የማኑዋሉን አንድ አንድ ገጽ በየቀኑ በማንበብ ይሻሻላል።

የባንኩን ፈተና ተፈተኚ፣ አልከለክልሽም። ብታልፊም ግን ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያው ባዙ ጋ ቆዪ። በዚህ ጊዜ አይኤስኦ 17025ን፣ የፍተሻና የካሊብሬሽን ላቦራቶሪዎችን ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አንብቢ፤ የላቦራቶሪያችሁ ሪፈረንስ ቴርሞሜትር፣ ሌሎቹ የሚመዘኑበት ማለት ነው፣ የት ተፈትሾ እንደመጣ ሰርተፊኬቱን ጠይቀሽ እዪ። የማቀዝቀዣ ባለሙያ ለጥገና ሲመጣም አለቃሽን አስፈቅደሽ አጠገቡ ቁሚ፣ የሚያደርገውን ሁሉ ጠይቂው። በ5 እና በ25 ዲግሪ የሂተሩ ቁጥር ስንት እንደሆነ የወር መዝገብሽን ላኪልኝ፤ ሲቪሽ ላይ ምን ብለን እንደምንጽፍ እሱን ይዘን እንነጋገራለን።