በተከራየሁት ግቢ የሠራሁት የመኪና ጥላ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ንግድ ቤት ተከራይቻለሁ። ለደንበኞች መኪና ማቆሚያ የሚሆነው ሜዳ ጥላ የለውም። በራሴ ወጪ ለ12 መኪና የሚበቃ የብረትና የሸራ ጥላ ላሠራ ነው። አከራዬ በቃል ፈቅደውልኛል፤ ውሉ 3 ዓመት ይቀረዋል። ስለቅ ነቅዬ መውሰድ እችላለሁ? ወድቆ መኪና ቢጎዳስ ማን ይጠየቃል?

መልስ፦ መቆፈር ሳይጀምሩ መጠየቅዎ በጅቷል። የቃል ፈቃድ ክርክር ሲነሣ ለማስረዳት ያስቸግራል። አከራይዎ ንብረቱን ቢሸጡ ደግሞ አዲሱ ባለቤት «አላውቅም» ይላል።

የብዙ አገሮች ሕግ ከመሬት ጋር በቋሚነት የተያያዘን ነገር የመሬቱ አካል ያደርገዋል። ምሰሶው ኮንክሪት ውስጥ ከተቀበረ አከራይዎ «የኔ ነው» ለማለት መንገድ ያገኛሉ። ስለዚህ ኮንክሪቱ ላይ ብሎን ይተከል፤ ምሰሶውም ከሥሩ በተበየደ የብረት ሳህን አማካይነት በብሎኑ ይታሰር። ሲፈታ ምንም አይሰበርም። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ በሁለታችሁ የተፈረመ የውል ማሻሻያ ያስፈልጋል። ጥላው የተከራዩ ንብረት እንደሆነ፣ ውሉ ባለቀ በስንት ቀን እንደሚነሣ፣ የብሎኑን ጫፍ ቆርጦ መሬቱን የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ ይጻፍበት። አከራዩ ውሉን ቀድመው ካቋረጡ ወጪው ለ36 ወር ተካፍሎ የቀሪዎቹ ወራት ድርሻ እንዲመለስልዎ የሚል አንቀጽም አይቅር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው። ያሠሩትም የሚጠቀሙበትም እርስዎ ስለሆኑ ባለመኪናው መጀመሪያ የሚከሰው እርስዎን ነው። «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ቸልተኝነት ነፃ አያወጣም። «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው» የሚለው መከላከያም የሚሠራው ነፋሱ በአካባቢው የማይጠበቅ ከሆነ ብቻ ነው። በየዓመቱ የሚነፍስ ነፋስ ይጠበቃል።

በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 550 ኒውተን ያህል ይጫናል። አንድ መኪና በሚሸፍን 2.5 በ5 ሜትር ሸራ ላይ ሲታሰብ ወደ 700 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኃይል ነው፤ እንደ ሸራው ቅርጽና ተዳፋት ይጨምራል ይቀንሳል። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 የሆነ መሠረት የሚመዝነው ግን 115 ኪሎ ብቻ ነው። ነፋስ ሸራውን ወደ ላይ ሲያነሣ ብዙ ጥላ ከነመሠረቱ የሚነቀለው በዚህ ነው። ውኃ የማያሳልፍ ሸራ ከላላ ደግሞ ዝናብ ያቁራል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ በዚያው ስፋት ላይ 625 ኪሎ ይሆናል። የመሐንዲስ ስሌትና ፊርማ ያለበት ንድፍ በእጅዎ ካለ ግን ጥንቃቄ ማድረግዎን ያስረዳል፤ ተቋራጩ ከንድፉ ወጥቶ ከሠራም ወደ ክርክሩ እንዲገባ ለመጠየቅ ያስችልዎታል።

የግንባታ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ንድፉን ይዘው የአካባቢውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ምሰሶው ከጎረቤት ወሰን ያለው ርቀት ይታያል፤ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያን ካጠበበ ይፍረስ ሊባል ይችላል። ለመድን ሰጪዎም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ያልተገለጸለትን ግንባታ ምክንያት አድርጎ ካሣ ሊከለክል ይችላል። ፈቃዱ ሳይወጣ ሸራውን አይዘዙ፤ የምሰሶው ቦታ ከተቀየረ የሸራው ልክም ይቀየራል።