ስለ ኦፕቶሜትሪ ትምህርት፣ ስለ መነጽርና ስለ ጥናት ለጠየቃችሁኝ

ጠዋት ታካሚ የማይ፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪ የማስተምር የኦፕቶሜትሪ ባለሙያ ነኝ። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሥራውና ስለ ምርምሩ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ስለ ራሳችሁ ሕመም ለጠየቃችሁ ግን ከአጠቃላይ ነገር አላልፍም፤ ዓይን ሳይታይ መድኃኒት አይታዘዝም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ዶክተር፣ ኦፕቶሜትሪስት ከዓይን ሐኪም በምን ይለያል? ትምህርቱስ የት ይሰጣል?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም፤ መጠሪያውን ለባለቤቶቹ እንተውላቸው። የዓይን ሐኪም በመጀመሪያ ሕክምና ተምሮ፣ ከዚያ በዓይን ስፔሻላይዝ ያደረገና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ነው። ኦፕቶሜትሪስት የማየት አቅምን ይለካል፣ መነጽር ያዝዛል፣ የዓይንን ውጭና ውስጥ ይመረምራል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪሙ ይልካል። በመነጽርም በቀዶ ሕክምናም የማይስተካከል እይታ ያለውን ሰው በማጉያ መሣሪያ መርዳትም የእኛ ሥራ ነው። በሀገራችን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ቀዳሚው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ያስተምራል። ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪም አለው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመህ እወቅ። ጤና ነው ብለህ ከፊዚክስ ለመሸሽ ከመጣህ ተሳስተሃል፤ የብርሃን ትምህርት እዚህም ይጠብቅሃል፣ ያውም ከበፊቱ ጠንክሮ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ መነጽር ቤት ሄጄ አገጬን ማሽን ላይ አስቀመጥሁ፤ በአንድ ደቂቃ ቁጥሩን አተመልኝ። ለዚህ ብሎ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ጥያቄው የሚያናድድ ቢመስልም ወድጄዋለሁ። ያ በረጅም መንገድ ጫፍ ላይ ባለ ቀለም ፊኛ የሚያሳይዎ ማሽን አውቶሪፍራክተር ይባላል። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። የሚያትመው ቁጥር ግን የምርመራው መነሻ ነው። ፊኛው ሩቅ እንዲመስል ቢደረግም ማሽኑ ያለው አፍንጫዎ ሥር ነው፤ በተለይ የልጅ ዓይን ይህን ስለሚያውቅ ቅርብ ነገር እንደሚያይ ሆኖ ያተኩራል። ማሽኑም የሌለ ማዮፒያ ያነባል፤ ማዮፒያ ማለት ቅርቡ እየታየ ሩቁ የሚደበዝዝበት ጉድለት ነው። በዚያ ወረቀት ብቻ መነጽር የተሠራለት ልጅ የማያስፈልገውን ሌንስ ተሸክሞ ራስ ምታት ይዞ ይመጣል።

ተማሪዎቻችን ብዙ ሰዓት የሚያጠፉት ሬቲኖስኮፕ በሚባል የእጅ መሣሪያ ላይ ነው። ክፍሉ ይጨልማል። ታካሚው ሩቅ ያለውን ሰሌዳ ያያል። መርማሪው 67 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ቀጭን የብርሃን ዘንግ በብሌኑ ላይ ያሳልፋል፤ ከብሌኑ ውስጥም ቀላ ያለ ብርሃን ይመለሳል። ተመላሹ ብርሃን እጁ ወደሄደበት ቢሄድ አንድ ትርጉም አለው፣ በተቃራኒው ቢሄድ ሌላ። ሌንስ እየቀያየረ፣ ብርሃኑ መንቀሳቀሱን ትቶ ብሌኑን በአንድ ጊዜ ሙሉ እስኪሞላው ይጠብቃል። በመጨረሻ ለቆመበት ርቀት 1.50 ዳዮፕተር ይቀንሳል፤ ዳዮፕተር የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው። ታካሚው አንድ ቃል መናገር አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ለሕፃንም፣ መስማት ለማይችልም፣ ሰሌዳ አላነብም ብሎ ለሚያለቅስም ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪው ምንም አይታየውም፤ አየሁ የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ አላየም።

ሌላም አለ። ለመነጽር ብቻ የመጣ ሰው የዓይኑ ነርቭ በግላኮማ ተጎድቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የተለመደው ግላኮማ አያምም፤ እይታን ከዳር እየበላ ስለሚመጣ ባለቤቱ አያውቀውም። የዓይንን ውስጥ ያላየ ማሽን ይህን አይነግርዎም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የስምንት ዓመት ልጄ በግራ ዓይኗ ደህና አታይም። መነጽር ቢደረግላትም ሰሌዳውን አላነበበችም። «ሰነፍ ዓይን» ነው፣ ጊዜው አልፏል ተባልሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ተስፋ አይቁረጡ። ሁኔታው አምብሊዮፒያ ይባላል። በልጅነት አንዱ ዓይን ጥርት ያለ ምስል ሳያገኝ ሲቀር (በሸውራራነት ወይም የሁለቱ ዓይኖች ቁጥር በመራራቁ) አንጎል በሌላኛው ብቻ ማየትን ይለምዳል። ስለዚህ መነጽሩ እንደተደረገ ወዲያው ጥርት አይልም፤ ለሳምንታት፣ ለወራትም ማድረግ ያስፈልጋል። ካልበቃ ደህናው ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል። ድሮ ቀኑን ሙሉ ይሸፈን ነበር፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ግን ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆናቸውና ችግሩ መካከለኛ የሆነባቸው ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ሸፍነው ስድስት ሰዓት የሸፈኑትን ያህል እንደተሻሻሉ አሳይቷል። ይኸው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ ከሆናቸው ልጆችም ብዙዎቹ ሲታከሙ እንደሚሻሻሉ አሳተመ። ቶሎ መጀመር ይሻላል፣ ስምንት ዓመት ግን በር የሚዘጋበት ዕድሜ አይደለም። በመጀመሪያ ሐኪሙ ዓይኗ ሌላ ሕመም እንደሌለበት ያረጋግጥ፤ ሽፋኑንም በባለሙያ ክትትል እንጂ በራስዎ አይጀምሩት።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ወረቀቴ ላይ 6/60 ተብሎ ተጽፏል። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ደህና የሚያይ ሰው በ60 ሜትር የሚለየውን ፊደል እርስዎ የለዩት በ6 ሜትር ነው ማለት ነው። መነጽር ሳያደርጉ ከሆነ ብዙም አያስደነግጥም። መነጽር አድርገው ከሆነ ግን ምክንያቱ ይፈለግ።

ጥያቄ (ተመራቂ ተማሪ)፦ የመመረቂያ ጽሑፌ «በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የመነጽር ጉድለት ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ይላል። ናሙናዬ 423 ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ለሌላው አንባቢ፦ «የመነጽር ጉድለት» ማለት በመነጽር የሚስተካከል የእይታ ጉድለት ነው። 423ን ሳይ ፈገግ አልሁ። በየዩኒቨርሲቲያችን መደርደሪያ የዚህ ቁጥር ወንድሞች ሞልተዋል። ስርጭቱን 50 በመቶ ብለህ ገመትህ፣ 5 በመቶ ስሕተት ፈቀድህ፣ 384 መጣልህ፤ ለማይገኙት 10 በመቶ ጨመርህ፣ 423 ሆነ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግምቱ ግን ከየት መጣ? በጎንደር ከተማ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት 9.4 በመቶ አግኝቷል። ሊወዳደር የሚችል ቁጥር እያለ 50 መውሰድ ጉዳዩን አላነበብሁም ማለት ነው። 9.4ን ይዘህ ስሕተቱን ወደ 2 በመቶ ብታወርደው 818 ይሆናል። ልጆቹን በትምህርት ቤትና በክፍል ከሆነ የምትመርጣቸው ደግሞ የአንድ ክፍል ልጆች ስለሚመሳሰሉ ያንንም በ1.5 ወይም በ2 ማባዛት ይኖርብሃል። አማካሪህ በዚህ ካልጠየቀህ ፈታኙ ይጠይቅሃል።

የዓይንን ማተኮር ለጊዜው የሚያቆም ጠብታ ሳታደርግ የልጆችን ቁጥር ከለካህም ከላይ ስለ ማሽኑ ያልሁት ይደርስብሃል፦ ማዮፒያው ከእውነቱ ይበዛል፣ የተቃራኒው ጉድለት (ቅርቡን ማየት የሚያስቸግረው) ያንሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄውን ቀይረው። ጉድለቱ እንዳለ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓይነ ስውርነቱን ግማሽ ያህል ያመጣው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ከደከመው እይታ ሢሶው በመነጽር ጉድለት የመጣ ነበር። ይህን የሁሉም ሰው መግቢያ ይጠቅሰዋል። የማይጠየቀው ይህ ነው፦ በዘመቻ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ከስድስት ወር በኋላ ስንቶቹ አድርገውታል? ያላደረጉትስ ለምን? ሳትናገር ክፍል ግባ፤ በዓይናቸው ላይ ያለውን፣ በቦርሳቸው ያለውን፣ ቤት የቀረውን ቁጠር። ተሰብሮ ነው? ተሳልቀውባቸው ነው? እናት «ዓይንሽን ያደክመዋል» ብላ ነው? ወጪው የመንገድ ብቻ ነው፤ ውጤቱንም መነጽር የሚያድሉት ድርጅቶች ተሻምተው ያነቡታል።

ጥያቄ (ነርስ፣ ከወልድያ)፦ ዓይናቸውን የሚያሹ ልጆች በዝተውብናል። ወላጆች ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ይገዛሉ፣ ይሻላቸዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ይህስ አይጠናም?

መልስ፦ ይጠና! ደረቅና ሞቃት አየር ባለባቸው አካባቢዎች የሚበዛ የልጆች አለርጂ ነው። ያ ወዲያው የሚያሽለው ጠብታ ብዙ ጊዜ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ አለበት። ያለ ክትትል ለወራት ሲደረግ የዓይን ግፊትን ሊጨምር፣ ሞራም ሊያመጣ ይችላል፤ በአለርጂ የመጣ ልጅ በግላኮማ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። እሽታው ራሱ ደግሞ ኬራቶኮነስ ከሚባለው ችግር ጋር የተያያዘ ነው፤ የዓይን መስታወት (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል፣ ተራ መነጽርም አይበቃውም። እናንተ ጋ መጀመሪያ ማድረግ የሚቻለው ጠርሙሱን ማየት ነው። ወላጆች የሚጠቀሙትን ሁሉ ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው፤ ስሙን መዝግቡ፣ ስንት ጊዜ እንደተገዛ ጠይቁ። ይህ መዝገብ ለአንድ ዓመት በጥንቃቄ ቢያዝ ከብዙ የስርጭት ጥናት ይበልጣል።

ጥያቄ (ልብስ ሰፊ፣ ከመርካቶ፣ 46 ዓመት)፦ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ከመንገድ የምገዛው መነጽር ዓይኔን ያጠፋዋል?

መልስ፦ አያጠፋውም። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሁሉም ሰው ቅርብ ማየት ይቸገራል። የመንገዱ መነጽር ሁለቱም ሌንሶች እኩል ናቸው፤ የእርስዎ ዓይኖች እኩል ካልሆኑ ወይም አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ ብዥታ) ካለብዎ አይስማማዎትም። ሲመረመሩ ልብስ ሰፊ መሆንዎን ይናገሩ፤ ጨርቁን የሚይዙበትን ርቀትም በእጅዎ ያሳዩ፤ ቁጥሩ የሚወሰነው በዚያ ነው። የዓይን ግፊትዎንም ያስለኩ።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ኢትዮጵያ በኦፕቶሜትሪ ተመርቄ እዚህ በሌላ ሥራ ነው ያለሁት። በሙያዬ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ መንገዱ በሳውዲ የጤና ባለሙያዎች ኮሚሽን በኩል ነው። ዲግሪህ፣ የሙያ ፈቃድህና የሥራ ልምድህ ዳታፍሎው በሚባል የሰነድ አጣሪ ድርጅት ይጣራሉ፤ ከዚያ ፕሮሜትሪክ የሚባለው የኮምፒውተር ፈተና አለ። ከሙያው ርቀህ የቆየህበት ጊዜ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አትዘግይ። ፈቃዱ ሳይወጣ መነጽር ቤት ገብተህ ምርመራ እንድትሠራ የሚያግባባህ ቢኖር እሺ አትበል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ልጄ ኦፕቶሜትሪ መማር ትፈልጋለች። እዚያ ልኬ ባስተምራትስ? እዚህ በጣም ውድ ነው።

መልስ፦ አሜሪካ ለመሥራት ካሰበች አያዋጣም። እዚያ ትምህርቱ ከኮሌጅ በኋላ አራት ዓመት የሚወስድ የዶክትሬት ዲግሪ ነው፤ ፈቃድ ለማግኘትም በእነሱ አካል እውቅና ካለው ትምህርት ቤት መመረቅና ብሔራዊ ፈተናውን ማለፍ ያስፈልጋል። የእኛ ዲግሪ በቀጥታ አይተካውም። ለክረምት መጥታ የሥራ ልምድ ብታይ ግን ደስ ይለኛል፤ ኮርስ ላይ በሥዕል ብቻ የምታየውን ትራኮማ እዚህ በአንድ ጠዋት ከነሽፋሽፍት መታጠፉ ታያለች።

ጥያቄ (ብዙዎች)፦ ሥራ አለ?

መልስ፦ ችግሩ አለ፣ በጀቱ የለም። የመንግሥት ቅጥር እንደ ቀድሞው አስተማማኝ አይደለም። ብዙ ተመራቂዎች በግል ክሊኒክና በመነጽር ቤት ይሠራሉ። ሌንስ መቁረጥና ፍሬም ላይ መግጠምን «የባለሙያ ሥራ አይደለም» ብላችሁ አትናቁ፤ በትንሽ ከተማ ሥራ የሚያስገኝላችሁ ያ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ለምርመራ ስመጣ ምን ልያዝ?

መልስ፦ አሮጌውን መነጽር፣ ቢሰበርም። የሚጠቀሙበትን ጠብታ ከነጠርሙሱ። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለብዎ መድኃኒቱን። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሊደረግብዎ ስለሚችል ያን ቀን መኪና አይንዱ፤ ባጃጅ ይሻላል።