ቢላ ሠሪ ነኝ፤ ቤቴ በማን ቢላ እንደሚከተፍ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ። ከመኪና ባሌስትራ የወጥ ቤትና የበግ ማረጃ ቢላ እሠራለሁ፤ ከዚያ በፊት ጋራዥ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ «አንተ ራስህ ቤት በምን ትቆርጣለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፍቼ ቆጠርኩ፦ ሰባት ቢላ። አራቱ የእኔ ናቸው፤ ከአራቱም ሦስቱ ለገበያ ያልበቁ። ዛሬ እሑድ ነው፣ እሳት አላነድም፤ እስቲ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚባለው እውነት ነዋ!

መልስ፦ እኔ ቤት እውነት ነው። አንዱ እንዲጠነክር አግዬ ዘይት ውስጥ ስነክረው ተጣሟል፤ ከላይ ሲያዩት ሙዝ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው የእጀታው ቀዳዳ ተዛብቶ ተበስቷል። ሦስተኛው በግራ በኩል ወፍሮ ቀርቷል፣ ዳቦ ስትቆርጥበት ወደ ቀኝ ይሸሻል። ሦስቱም ይቆርጣሉ፤ ደንበኛ ፊት አይቀርቡም እንጂ። ደግሞም ጥቅም አላቸው። ደህናው ቢላ ይሸጥና ይሄዳል፣ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሆነ አላይም። እጀታ ሲላላ፣ ስለት ሲዶለዱም፣ ዝገት ከየት እንደሚጀምር የማየው ቤት በቀረው ውዳቂ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አራተኛውስ?

መልስ፦ እሱ የባለቤቴ ነው፤ ታሪኩ ረዘም ይላል። መጀመሪያ አካባቢ የምሠራው ቢላ ወፍራም ነበር። የማገኘው ባሌስትራ ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ቀጥቅጦ ማሳሳት ጉልበት ይጨርሳል፣ ከሰልም ይበላል። ስለዚህ አራት ሚሊ ላይ አቆምና «ጠንካራ ነው» እያልኩ እሸጣለሁ። የክንድ ፀጉር ይላጫል፣ ወረቀት ይሰነጥቃል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

የፋሲካ ዋዜማ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ቢላው እስከ ግማሽ ይገባና ሽንኩርቱ «ቋ» ብሎ ለሁለት ይፈነከታል፣ አንዱ ግማሽ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ሦስተኛው ሲዘል ቢላውን አስቀመጠችና «ይሄን እንጨት ፍለጥበት» አለችኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ከሱቅ የገዛናትን ስስ የቻይና ቢላ አውጥታ መክተፏን ቀጠለች። ስለቱን በጣቴ ሞከርኩት፣ ከእኔው በጣም የደነዘዘ ነው። ግን ስስ ስለሆነ ሽንኩርቱን ሳይፈነክት ያልፋል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢላ የሚቆርጠው በስለቱ ብቻ አይደለም፤ ከስለቱ በላይ ያለው ውፍረት የሚቆረጠውን ነገር ይገፋዋል። አሁን ጀርባውን ሁለት ሚሊ ላይ አደርሳለሁ፣ ስለቱ ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ ደግሞ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያውን ስስ ቢላ ለእሷ ሠራሁላት። ደንበኛ እንዲህ አያስተምርህም፤ ካልተመቸው ዝም ብሎ ከሌላ ይገዛል።

ጥያቄ፦ የሌላ ሰው ሥራ የትኛውን ገዛህ? ምን ፈልገህ?

መልስ፦ ሦስቱ የሌላ ናቸው። አንዷ ያቺ የቻይናዋ። ሁለተኛው ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝ ቪክቶሪኖክስ የሚባል የስዊስ ፋብሪካ የሥጋ ቢላ ነው፣ ጥቁር ፕላስቲክ እጀታ ያለው። ሦስተኛው ከገጠር ገበያ ከአንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ የገዛሁት ትንሽ ካራ ነው፤ እጀታው የበሬ ቀንድ። የጠሩትን ከፈልኩ፣ አልተከራከርኩም። መዶሻ የያዘ ሰው ከመዶሻ የያዘ ሰው ጋር ዋጋ ሲከራከር ደስ አይልም።

የገዛሁት ለእጀታው ነው። እኔ ብረቱንም እንጨቱንም በስቼ በናስ ሚስማር ነው የማያይዘው፤ እሳቸው ግን ሚስማር የሚባል ነገር የላቸውም። እጀታ ውስጥ የሚገባውን ሹል ጫፍ በእሳት አግለው ቀንዱ ውስጥ ይሰዱታል፣ ብረቱ እያቃጠለ የራሱን ቦታ ይሠራል። ሽታው አይጣል ነው! ሦስት ዓመት ሆነው፣ አንድ ቀን አልላላም።

ጥያቄ፦ በእውነት ንገረን፣ ያንተ ከፋብሪካው ይሻላል?

መልስ፦ ስለቱ ይቆያል፤ በዚህ አልደራደርም። ባሌስትራ ብዙ ጊዜ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን ያለው ብረት ነው፣ በደንብ ከጠነከረ ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 58 አካባቢ ይደርሳል። የቪክቶሪኖክስ ከ55 እስከ 56 ነው። እኔ መለኪያ ማሽን የለኝም፤ ስለቱን ናስ ዘንግ ላይ ጫን አድርጌ አያለሁ። ጎንበስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ጎብጦ ከቀረ ለስልሷል፤ ከተሸረፈ ደርቋል።

ዝገት ላይ ግን ፋብሪካው ያሸንፈኛል። በእኔ ቢላ ሎሚ ቆርጦ ሳያጥብ ያሳደረ ሰው ጠዋት ጥቁር ነጠብጣብ ያገኛል። ስለዚህ እኛ ቤት ሎሚና ቲማቲም በፋብሪካ ቢላ ነው የሚቆረጠው። ይህን ለደንበኞቼም እነግራለሁ፤ አንዳንዱ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቁርጥ ስትበላስ የትኛውን ትይዛለህ?

መልስ፦ የሽማግሌውን ካራ። ቁርጥ ላይ ቢላ አይዋሽም፤ ሥጋው ከተሳበ ስለቱ ሞቷል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ የጾምና የፍስክ ቢላ እለያለሁ። እናንተ ጋስ?

መልስ፦ እንለያለን እህቴ። ሙዟ የጾም ናት። እናቴ ሥጋ በነካ ቢላ ጎመን አትከትፍም፤ እኛም ከእሷ ወረስን። ለእኔ ገበያም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የውጭ አገር ሠሪዎችስ የራሳቸውን ይጠቀማሉ?

መልስ፦ «የራሳቸው» የሚለው ቃል እንደየአገሩ ነው። ጃፓን ውስጥ ኦሳካ አጠገብ ሳካይ የሚባል የቢላ ከተማ አለ። እዚያ በልማድ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ስለት ያወጣል፣ ሌላው እጀታ ያስገባል። ቀጥቃጩ ቤቱ ይዞት ቢገባ የማን ሥራ ልትለው ነው?

አሜሪካ ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር አለ። የመጀመሪያውን ማዕረግ ለማግኘት ራስህ በሠራኸው ቢላ ትፈተናለህ። የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ትቆርጣለህ፣ ጣውላ ሁለት ጊዜ ትቆራርጣለህ፣ ከዚያ በኋላም ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ ሞርሳ ላይ ታስሮ 90 ዲግሪ ይጎብጣል፤ መሰበር የለበትም። ቢላው ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም። እኔ ውዳቂዎቼን ስለማጎብጥ ነገሩ ይገባኛል።

ጥያቄ፦ የሸጥከው ተሰብሮብህ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ፣ ለዚያውም በበዓል ጠዋት። ቢላ ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላ እንደ ብርጭቆ ነው፤ 200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት፣ ቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት ካልቆየ አይለዝብም። ለገና የታዘዘ ቢላ ኦቨን ውስጥ እያለ መብራት ሄደ። «አንዴ ገብቷል፣ ይበቃዋል» ብዬ አስረከብኩ። ሰውዬው በግ ሲበልት መገጣጠሚያ ላይ ጠምዘዝ ሲያደርገው ጫፉ «ቀጭ»። ሌላ ሰጠሁትና የተሰበረውን መልሼ ወሰድኩ፤ ስብራቱ እንደ አመድ ደቃቅ ነበር። እንደ ስኳር ቢያብለጨልጭ ኖሮ ከልክ በላይ አግየዋለሁ ማለት ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የችኮላዬ ነው። ያ ስባሪ ዛሬም ከምቀጠቅጥበት መስፍ አጠገብ አለ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ነኝ። በእኛ ጊዜ «ቀጥቃጭ» ስድብ ነበር። ቤተሰብህ ምን አለ?

መልስ፦ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ አባቴ። አያቴ ጋራዥ ስሠራ ምንም አላሉም፤ ወናፍ ስገዛ ግን «ሰው ምን ይለናል» አሉ። ያው ብረት፣ ያው እጅ! ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ የእኛ ሰፈር ግን ገና በደንብ የሰማው አይመስለኝም። አያቴ ከጊዜ በኋላ ትንሽ ቢላ ጠየቁኝ። ሠራሁላቸው፤ ለእንግዳ ሲያሳዩ «ከመርካቶ ነው» ይሉ ነበር።

ጥያቄ፦ የቤትህን ቢላ በየስንት ጊዜው ትስላለህ?

መልስ፦ ይህችን ባትጠይቁኝ ይሻል ነበር። የደንበኛን በቀጠሮ እስላለሁ፤ የቤቱን «ኧረ ተው» ስባል። ይኸው አሁንም ከወጥ ቤት እየተጠራሁ ነው፣ ቲማቲሙ እየተጨፈለቀ ነው አሉ። ድንጋዩን ውኃ ውስጥ ልክተት፣ የቀረውን ጥያቄ ስመለስ አያለሁ።