የአባቴ የጨጓራ ካንሰር ወደ እኛ ይተላለፋል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። አባታችን በ61 ዓመቱ የጨጓራ ካንሰር አለበት ተባለ። ናሙናው ታይቶ ሐኪሙ «ዕጢው ላይ የጂን ለውጥ አለ» ሲለን እናቴ «በዘር የሚመጣ ነው ማለት ነው» ብላ እኛን አራት ልጆቿን እያየች ታለቅሳለች። በቤተሰባችን ሌላ የታመመ የለም። እውነት እኛንም ይይዘናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር አባታችሁን ይማርላችሁ። መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊያት። «የጂን ለውጥ አለ» ማለትና «በዘር መጣ» ማለት ለየቅል ናቸው። የጂን ለውጥ የሌለው ካንሰር የለም። ጂን ሴሉን መቼ ተባዛ፣ መቼ አቁም የሚለው ትእዛዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ የሚበላሸው ሰው ከተወለደ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚያው ጨጓራ ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቂት ሴሎች ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ለልጅ አይተላለፍም።

በዘር የሚመጣው ከ100 ታማሚ ከ1 እስከ 3 ቢሆን ነው። ለዚህ ምክንያት ከሚሆኑት ጂኖች አንዱ ሲዲኤች ዋን የሚባለው መሆኑ የታወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ብዙ ሰው በጨጓራ ካንሰር ባጣ የማኦሪ ቤተሰብ ላይ ነው። ሐኪም ይህን የሚጠረጥረው ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሲታመም ወይም በሽታው በወጣትነት ሲመጣ ነው።

ለአባትሽ ግን የለውጡ ዓይነት ትልቅ ነገር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 295 ዕጢዎችን መርምረው በአራት ከፈሏቸው። ግማሽ ያህሉ ክሮሞዞማቸው፣ ማለትም ጂኖቹን የተሸከመው ክር፣ የተዘበራረቀ ነው። የጂን ስህተት ማረሚያቸው የተበላሸባቸው ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ለሚያነቃቁ መድኃኒቶች ጥሩ ምላሽ ይሰጣሉ። ሄር ቱ የሚባለው ጂን የበዛበት ዕጢ ካለ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለው። ስለዚህ ሐኪሙን «የትኛው ለውጥ ነው የተገኘው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ አትፈሩ።

አሁን ወደ እናንተ። ከአባታችሁ የተጋራችሁት ነገር ካለ፣ ከጂኑ ይልቅ ባክቴሪያው ሊሆን ይችላል። ኤች ፓይሎሪ፣ እኛ «የጨጓራ ባክቴሪያ» የምንለው፣ በአንድ ቤት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይገባና ለአሥርት ዓመታት ጨጓራን ያቆስላል፣ ሴሎቹም ቁስሉን ለመጠገን ሲባዙ ሲባዙ ስህተት ይጠራቀማል። አብዛኛው ተሸካሚ ካንሰር አይይዘውም። ቢሆንም አራታችሁም በሰገራ ተመርመሩ። ከተገኘባችሁ የታዘዘውን መድኃኒት ጨርሱ፤ ሕመሙ ጋብ ሲል ማቆም የለም፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል። እናትሽም ትመርመር።