ባለቤቴ ከሰው ይሸሻል፣ ጠልቶን ነው ወይስ ሕመም ነው?

ጥያቄው ባጭሩ፦ ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ ትዳር ከያዘች አምስት ዓመት ሆኗታል፣ አንድ ልጅ አላት። ባሏ አይጠጣም አያመሽም፣ ግን እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት ገብቶ ይዘጋል፣ ሰርግ ክርስትና ማኅበር ምናምን አይሄድም፣ ስልክ አያነሳም፣ ቆይቶ በቴክስት ይመልሳል። የሷ ቤተሰቦች "ንቆን ነው" ይላሉ፣ የሱ እናት ደግሞ "ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ጸበል ውሰጂው" ይሏታል። "ፍቅሩ አልቆ ነው? ልፍታው ወይስ ችዬው ልኑር?" ብላለች።

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ እንደዋዛ ጽፈሽ ያለፍሻት አንድ ነገር አለች፣ እኔ እሷ ላይ ነው የቆምኩት። አጎትሽ ያረፉ ጊዜ እንደምንም ለቅሶ ይዘሽው ሄድሽ፣ ድንኳን በር ላይ ቆሞ ቀረ፣ ስትመለሱ ደግሞ ራይድ ውስጥ "ምን አሉ? አርፍዶ መጣ አሉኝ? ያቺ ሴትዮ እጄን ስዘረጋላት ለምን ዞረች?" እያለ ሲጨቀጭቅሽ አመሸ። የናቀ ሰው እኮ እንዲህ አይጠይቅም! የሰው ነገር ግድ የማይሰጠው ሰውም አይጠይቅም።

ከሰው የሚርቅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ጭምት ነው፣ የስዊዘርላንዱ ሳይካትሪስት ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ያስታወቀው ኢንትሮቨርት የሚባለው ማለት ነው፣ ሰው ሲበዛበት ይደክመዋል፣ ብቻውን ሲሆን ይታደሳል፣ ጓደኛ ግን አለው፣ ሲፈልግም ይሄዳል፣ ይሄ ሕመም አይደለም ማንም አያክመው። ሌላው ስኪዞይድ የሚባለው ነው (ይሄና ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ባለሙያዎች የስብዕና መታወክ የሚሏቸው ናቸው)፣ ይሄ ከነጭራሹ ቅርበት አያምረውም፣ ብታደንቂውም ብትሰድቢውም ያው ነው። ስኪዞታይፓል የሚባሉት ደግሞ ሰው የሚሸሹት ስለሚጠራጠሩና አስተሳሰባቸው ራሱ ለየት ስለሚል ነው (በነገራችን ላይ ቡዳ ወይም ዛር አለ ብሎ ማመን ብቻውን እዚህ ውስጥ አያስገባም፣ ያደገበት ማኅበረሰብ የሚጋራው እምነት እንደ ምልክት አይቆጠርም)። አራተኛው አቮይዳንት ነው፣ ሰው ይፈልጋል፣ በጣም ይፈልጋል፣ ግን ይንቁኛል ይስቁብኛል ብሎ ቀድሞ ይሸሻል። ከውጭ ስታያቸው ስኪዞይድና አቮይዳንት አንድ ይመስላሉ፣ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር ራሱ በምርመራ መመሪያው ለይቶ ያስቀመጣቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ያንቺ ባል ወደ አራተኛው ያደላብኛል፣ ግን በደብዳቤ ዲያግኖሲስ አይሰጥም፣ አቮይዳንት ለመባል ሰባት መመዘኛ አለ፣ ቢያንስ አራቱ መሟላት አለባቸው፣ ያንን ፊት ለፊት ያየው ባለሙያ ነው የሚለው።

አባቱ እንግዳ ፊት "ይሄኛው ልጄ ዱዳ ነው" እያሉ ይስቁበት ነበር ብለሻል። ብቻውን ምክንያቱ ነው አልልም፣ አብሮ የሚወለድ ባህሪም አለ፣ ግን በተፈጥሮው ፈሪ የሆነ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም እንግዳ ማለትና መዋረድ ማለት አንድ ይሆኑበታል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። "ስራ ገብቶ ነው፣ ትንሽ አሞት ነው" እያልሽ ትሸፍኝለታለሽ። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል ግን ፍርሃቱን እየመገብሽው ነው፣ ምክንያቱም በቀረ ቁጥር እፎይ ይላል፣ ያ እፎይታ ደግሞ "ባትሄድ ነው የሚሻልህ" ብሎ ያስተምረዋል፣ በሚቀጥለው መሄድ የበለጠ ይከብደዋል። በድንገት እየጎተቱ መውሰድም መፍትሄ አይሆንም፣ ድንኳን በር ላይ ያየሽው እሱን ነው። ትንንሽ እየቆረጣችሁ ጀምሩ፦ ለቅሶ ከሆነ ድንኳኑ ከፈረሰና ሰው ከቀለለ በኋላ በአዘቦት ቀን ሄዳችሁ "እግዜር ያጽናችሁ" ብላችሁ ሩብ ሰዓት ተቀምጣችሁ ውጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ምን ይደርስብኛል ብሎ እንደሚያስብ ይንገርሽ፣ ስትመለሱ የደረሰውን ከዛ ጋር ያስተያየው፣ እሱ ራሱ ያስተያየው፣ አንቺ "አየህ ምንም የለም" አትበይው። "ምን አሉ?" ሲልሽ አንዴ መልሺለት፣ አስር ጊዜ ካጽናናሽው አስራ አንደኛውን ይጠይቅሻል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሳይኮሎጂስት ጋ ይሂድ፣ ሐሳብና ድርጊት ላይ የሚሰራ ቴራፒ ይረዳል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ጸበሉም ይሂድ ከፈለገ ማንም አይከለክልም፣ ሕክምናውን ብቻ አያቋርጥ። ሽሽቱ ከልጅነት የመጣ ሳይሆን ሰሞኑን የጀመረ ቢሆን፣ እንቅልፍና ምግብ ቢቀንስ ወይ "ብሞት ይሻላል" የሚል ቃል ከአፉ ቢወጣ ግን ዲፕሬሽን ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ምናምን ሳትጠብቂ አማኑኤል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰጂው።

ፍቺውን በተመለከተ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የሁለት ሰው ማኅበራዊ ሕይወት ብቻሽን ተሸክመሻል፣ መድከምሽ ትክክል ነው፣ እሱም ይሄን ካንቺ አፍ መስማት አለበት። ለመታከም እምቢ ካለና ምንም መሞከር ካልፈለገ ያኔ ሌላ ወሬ ነው። "ንቆናል" በሚለው የዘመድ ትርጉም ግን ትዳርሽን አትፍቺ።

ከፋሲካ በኋላ ላለው የወንድምሽ ሰርግ ደግሞ ከአሁኑ ተነጋገሩ። የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ (የሚያውቀው ሰው ይሁን፣ ሙዚቃው ስር አይሁን)፣ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ። ሰዓቱ ሲደርስ ይሂድ፣ አንቺ ግን አብረሽው አትውጪ፣ ቆይተሽ ጨፍሪ። እናትሽ "የት ሄደ?" ሲሉሽ አሞት ነው አትበያቸው፣ እስከዚህ ሰዓት ነው የተስማማነው በያቸው።